የሬዲዮ ዘፈን ግብዣና የመካከለኛ ሞገድ ዘመን በጎጃም

ኤፍ ኤም ሳይስፋፋ ጎጃም ውስጥ ሬዲዮ ማለት መካከለኛና አጭር ሞገድ ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከአዲስ አበባ በመካከለኛው ሞገድ 873፣ በአጭሩ 7110 እና 9705 ኪሎ ኸርዝ ላይ ይፈለግ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ተጨመረ። ያኔ «ዲጄ» የሚል ሰው አልነበረም። ዘፈን የሚያሰማው ጋዜጠኛ ወይም አቅራቢ ይባል ነበር፤ መልኩን ያላየ ሁሉ በድምፁ ያውቀው ነበር። ታሪኩን ጎጃም ላይ ያደረገው ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ መጽሐፉን ያላነበበውም ሰው ሰምቶታል።

ዘፈን የሚጋበዘው በደብዳቤ ነበር። የጋባዡና የተጋባዦቹ ስም፣ የሚኖሩበት ወረዳ፣ የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ይጻፋል። ከገጠር የሚላከው ደብዳቤ የገበያ ቀን ጠብቆ፣ በሰው እጅ ቡሬ ወይም ሞጣ ደርሶ ነው ፖስታ ቤት የሚገባው፤ ስለዚህ ለፋሲካ የታሰበ ግብዣ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ቢነበብ አይገርምም። ስም ዝርዝሩ አንዳንዴ ከዘፈኑ ይረዝማል። አቅራቢው በዘፈኑ መግቢያ ላይ ስለሚናገር በካሴት የሚቀዳው ሰው ይናደድ ነበር፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ካሴት የተረፈው ሰው የሚፈልገው ያንኑ ንግግር ነው።

ጣቢያ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ሬዲዮው ውስጥ የተጋደመ፣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ማሰራጫው ካመለከተ ድምፁ ይጠፋል፤ ጎኑ ሲዞርለት ይጎላል። ሰው ሬዲዮውን ይዞ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። የሚጎተተው አንቴና የሚጠቅመው ለአጭር ሞገድ (ኤፍ ኤም ላለው ሬዲዮ ደግሞ ለኤፍ ኤም) እንጂ ለመካከለኛው አይደለም፤ እሱም ላይ ሽቦ አስሮ ወደ ባሕር ዛፍ መዘርጋት ይረዳል፤ መብረቅ ሲኖር ግን መፍታት ግድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መካከለኛው ሞገድ ከላይኛው አየር እየተንጸባረቀ ሩቅ ስለሚሄድ የሌላ አገር ጣቢያ ይደባለቃል። ክረምት ላይ ደግሞ የጮቄ ተራራ አካባቢ መብረቅ በብልጭታው ቁጥር ሬዲዮው ላይ «ቀጭ» ይላል።

ትልቁ ወጪ የባትሪ ድንጋይ ነበር። 4 ትልልቅ ድንጋዮች 6 ቮልት ይሰጣሉ። ሲደክሙ መጀመሪያ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ጣቢያው ይሸሻል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ውሸት አይደለም፤ ሙቀት በውስጡ የቀረውን ኬሚካል ያነቃቃዋል፣ ግን ቢበዛ ለአንድ ዜና ያህል ነው። አዲስና አሮጌ መቀላቀል የባሰ ጥፋት ነው፤ የደከመው ፈሶ ድንጋዩ የሚነካውን የሽቦ ሞላ (ስፕሪንግ) ያዝገዋል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ጣቢያ መፈለጊያው እየዞረ ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ክሩ ተበጥሷል፤ ድምፅ መጨመሪያው ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ገብቶበታል፣ በአልኮል ይጠረጋል።

ባሕር ዳር ላይ ኤፍ ኤም 96.9 ሲመጣ ድምፁ ጠራ፤ ግን ኤፍ ኤም ተራራ አይሻገርም፣ ከሸንተረር ጀርባ ያለ መንደር አይደርሰውም። አሮጌ ሬዲዮ አውጥቶ መሞከር የሚፈልግ ከስልክ ቻርጀርና ከኤል ኢ ዲ አምፖል ራቅ ይበል። እነዚህ የሚፈጥሩት ጩኸት መካከለኛውን ሞገድ ይሸፍነዋል፤ ከቤት ወጥቶ ጓሮ መቀመጥ ይሻላል።