«ጡት ብቻ» ሲባል ምን ይሰማል? የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጥናትን ለሕዝብ ስለማስረዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥናቱ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ ሥራው አልቋል።» ይህ ከሁሉም የሰፋው ስሕተት ነው። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለ አንድ ጤና ኬላ የ4 ወር ልጇን የታቀፈች እናት ለሕፃኑ ምን እንደምትሰጠው ስትጠየቅ «ኧረ ምንም፣ ጡት ብቻ» አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግን «ውኃስ፣ እህቴ?» ብላ ጨመረች። «ውኃማ በማንኪያ፣ ጉሮሮውን ላርስለት ብዬ ነዋ!» እናቲቱ አልዋሸችም፤ ለእሷ ውኃ ከምግብ አይቆጠርም። ስለዚህ «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ» የሚለው ምክር ውኃው፣ ቅቤው፣ የአብሽ ውኃው በየስሙ እየተጠራ፣ ባለሙያ ካዘዘው መድኃኒት በቀር ምንም እንደማይሰጥ ካልተነገረ ቃሉ ይደርሳል እንጂ ሐሳቡ አይደርስም። «እንገር» የሚል ቃል እያለን «ኮሎስትረም» ብለን የምንጽፍስ ለማን ነው?

«አስደንጋጭ ቁጥር ሰውን ያነቃል።» በ1988 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1995) ብሪታንያ ውስጥ አንዳንድ የእርግዝና መከላከያ ኪኒኖች የደም መርጋትን በእጥፍ ይጨምራሉ ተብሎ ሲነገር ብዙ ሴቶች ኪኒኑን አቋረጡ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ ብቻ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴቶች በ1ዷ ላይ ይደርስ የነበረው በ2 ላይ መድረሱ ነበር። የሚያሳዝነው፣ እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት ዕድሉ ከኪኒኑ የበለጠ ነው።

«ሰው ካወቀ ያደርጋል።» ጤና ጣቢያ መውለድ እንደሚሻል የምታውቅ እናት፣ ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶባት ወይም አማቷ ሳይፈቅዱላት ቤቷ ልትወልድ ትችላለች።

«እርግጠኛ አለመሆናችንን ከተናገርን አንታመንም።» በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል፤ የግምቱ ክልል ግን ከ273 እስከ 551 ነው። ክልሉ የሰፋው ቁጥሩ የተገኘው ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ሞት በመጠየቅ ስለሆነና፣ በናሙናው ውስጥ የሚገኘው የእናቶች ሞት ጥቂት ስለሆነ ነው። ይህን ለጎጃም ገበሬ መንገር የሚከብድ አይመስለኝም፤ ዐውድማ ላይ ቆሞ፣ ጤፉ ገና ሳይሰፈር፣ «ከ8 እስከ 10 ኩንታል ይወጣዋል» የሚለው እሱ ራሱ ነው።