የጉለሌው ጴጥሮስ ወጳውሎስ የካቶሊክ መካነ መቃብር

አዲስ አበባ ውስጥ «ቀብሩ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው» ከተባለ ማጣራት ያስፈልጋል። ኦርቶዶክሱ ነው ወይስ ካቶሊኩ? ሁለቱም ጉለሌ ናቸው። ዝም ብሎ የሄደ ለቀስተኛ የማያውቀው ሰው ቀብር ላይ ሊቆም ይችላል። እዚህ የምናነሳው ካቶሊኩን ነው።

ጉለሌ ድሮ የከተማው ዳር ነበር። አሁን ከተማው አልፎት ቡራዩ ደርሷል።

ካቶሊኮች በዚህ ምድር ከአዲስ አበባም ይቀድማሉ። አባ ማስያስ፣ ማለትም የካፑቺን ገዳማዊ ማኅበር አባል የነበሩት ጣሊያናዊው ካቶሊክ ሚስዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ፣ በምኒልክ የሸዋ ንግሥና ዘመን ፊንፊኔ ላይ ሚስዮን ከፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የጣሊያን ወረራ መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወታደሩም፣ ግንበኛውም፣ ነጋዴውም ጎረፈ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ እንዳይበቀል አደራ ብለው ነበርና አንዳንዱ እዚሁ ቀረ። ጋራዥ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አረጀ።

የፈረንጅ መቃብር ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስህተት ነው። ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ አይሞሉም። የአዲስ አበባዎቹም ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው፦ ከኢሮብና ከአዲግራት፣ ከኤርትራ፣ ከጉራጌ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከወላይታ። በኦርቶዶክሱ ወግ ሰው አጥቢያው ይቀበራል። ካቶሊኩ ግን አጥቢያው ጥቂት ስለሆነ፣ ፍትሐቱ የትም ይደረስ የት፣ አስከሬኑ ብዙ ጊዜ ወደ ጉለሌ ይመጣል። ለዚህ ነው የተራራቀ አገር ሰው እዚህ ጎን ለጎን የሚተኛው።

አቀማመጡንም ዘመኑ ለይቶታል። በቀድሞዎቹ መቃብሮች ላይ እብነ በረድ፣ የጣሊያንኛ ጽሑፍና በሸክላ ላይ የታተመ የሟች ፎቶ ይታያል። በአዲሶቹ ላይ ሲሚንቶና ሴራሚክ ይበዛል፤ ጽሑፉም አማርኛ ነው። መሬት ሲጠብ ደግሞ ፉካ መጣ፤ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደር የግንብ ሳጥን ማለት ነው። ቤተሰብ አንዱን መቃብር ለሌላ ዘመዱ መልሶ ሲያስከፍትም ያጋጥማል።

ሥርዓቱም እንደ ሰዉ ድብልቅ ነው። የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት በዚህ ማዕረግ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን የሚከተለውም የግእዙን ሥርዓት ነው። ካህኑ በግእዝ ይፈታል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ከቀብር መልስ ንፍሮ ይቀርባል። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ከኦርቶዶክሱ ለመለየት ይቸገራል። የላቲኑን ሥርዓት የሚከተሉት ሙታንን በጋራ የሚያስቡበት ቀን ኖቬምበር 2 በፈረንጅ፣ በእኛ ጥቅምት 23 ግድም ነው።

እዚያው ጉለሌ ጣሊያንን ያስወጣው የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ሟቾች ያረፉበት የኮመንዌልዝ (የእንግሊዝና የግዛቶቿ ጦር) መቃብርም አለ። ድንጋዩ ወጥ፣ ረድፉ ቀጥ ያለ ነው። ከካቶሊኩ ጋር አይምታታም።

ዘመድ የሚፈልግ ሰው ዓመተ ምሕረቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይዞ ይሂድ። አንዳንዱ ድንጋይ በእኛ፣ አንዳንዱ በፈረንጅ ይቆጥራል። የትኛው እንደሆነ ሳይጽፍ የሚተወውም አለ፤ ያኔ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲያና ወዲህ ማለት ነው።