በአንድ ዓይን የተሳሉ ሰዎች፦ ስለ ልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ግቢያችን ማንጎ ሥር ምንጣፍ እንዘረጋለን። የሰፈሩ ልጆች ይመጣሉ። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ ሰባት። ወንድሟን አዝላ የምትመጣም አለች። እኔ ሥዕላዊ መጽሐፍ አነባለሁ፣ እነሱ ያቋርጡኛል። ቡና ሲደርስ እናቶች ይቀላቀላሉ። አባቶች ልጅ ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ይቆማሉ።

ጨዋታው የሚደራው ያኔ ነው። እኔ ሁሌ የምለው አንድ ነገር አለ። ልጆች በሚያዩት መጽሐፍ ውስጥ መልካቸው፣ ሃይማኖታቸው፣ ሥራቸው፣ አካላቸው፣ ኑሯቸው የተለያየ ሰዎች ይኑሩ። «ብዝኃነት» ብዬ አልጠራውም። ቃሉ ስብሰባ ስብሰባ ይሸታል። ይህን ባልኩ ቁጥር ግን የሚመለሱልኝ መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ድሮ አምንባቸው ነበር።

«ትንሽ ልጅ ልዩነት አያይም። ለምን እናሳየዋለን?»

ያያል። ከምናስበው በጣም ቀድሞ ያያል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የተጠኑት የሦስት ወር ሕፃናት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እስራኤል ውስጥ በነጮች መሃል የሚያድጉ ነጭ ሕፃናት ናቸው። ሁለተኛዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ የእኛው ሕፃናት። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ጥቁሩንም ነጩንም በየቀኑ የሚያዩ። ለእያንዳንዱ ሕፃን የጥቁርና የነጭ ፊት ጎን ለጎን ይታየዋል። የትኛውን አብዝቶ እንዳየ ይለካል።

ነጮቹ የነጩን ፊት አብዝተው አዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉት የጥቁሩን። ሁለቱንም እያዩ ያደጉት ግን አላዳሉም።

ይህ ጥላቻ አይደለም። በሦስት ወር ምን ጥላቻ አለ? ልማድ ነው። ሕፃን ያየውን ይለምዳል፣ የለመደውን ይመርጣል። የእኔ ክርክር ከዚህ ይነሳል። ልጄ በየቀኑ የማያያቸውን ሰዎች የት ልታያቸው ነው? አውሮፕላን ላላሳፍራት ነገር፣ መጽሐፍ አለ።

ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ቀን በባጃጅ ስንሄድ አንድ ልጅ በክራንች የሚሄድ ሰው አየና «እግሩ የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። እናቱ አፉን በእጇ ያዘች። አልፈርድባትም፣ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ግን ልጁ የተማረው ምንድን ነው? እግር የሌለው ሰው የማይወራ ነገር መሆኑን ነው። ያንኑ ጥያቄ ምንጣፍ ላይ፣ መጽሐፍ ይዞ ቢጠይቅ ማንም አይሸማቀቅም። ገጹም የትም አይሄድም። ደጋግሞ ማየት ይችላል።

«ሥዕሉ ማድመቂያ ነው፣ ዋናው ጽሑፉ ነው»

ይህን የሚለኝን ሰው ጀልባ አሳፍሬ ዘጌ ብወስደው ደስ ይለኛል።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ታውቃላችሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። ማንበብ የማይችል ምእመን በሥዕሉ ታሪኩን ይከተላል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል አንድ ልማድ አለ። ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ። ክፉዎቹ በጎን ይሳላሉ፣ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። አንድ ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ቢሆን ግድግዳው ፊት ቆሞ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ይለያል።

ሠዓሊዎቹ አውቀው ያደረጉት ነው። የልጆች መጻሕፍት ግን ሳያውቁት ያደርጉታል። ስለዚህ እኔ መጽሐፍ ስመርጥ መጀመሪያ ጽሑፉን አላነብም። ሥዕሉን ብቻ እገልጣለሁ። ፊት ለፊት የሚያየን ማን ነው? ጀርባውን የሰጠው ማን ነው? ሸክም የሚሸከመው፣ ቤት የሚጠርገው፣ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ማን ነው? ስም ያለውስ? ሁሌ ሰጪው አንድ ዓይነት ሰው፣ ሁሌ ተቀባዩ ሌላ ዓይነት ሰው ከሆነ መጽሐፉን መልሼ አስቀምጣለሁ። ጽሑፉ የቱንም ያህል ስለ ፍቅር ቢያወራ።

አንድ ጊዜ «ሁላችንም እኩል ነን» የሚል መጽሐፍ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ገለጥኩት። ዊልቸር ላይ ያለችው ልጅ በሁሉም ገጽ ጥግ ላይ ናት። ኳሱን አንዴም አልነካችውም።

«ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው። እኛ ሁላችን አንድ ነን»

የምንጣፌን ልጆች ልቁጠርላችሁ። እናቷ ከእንጅባራ የመጣች፣ ቤት ውስጥ አውንጅኛ የምትሰማ ልጅ አለች። ዓርብ ከአባቱ ጋር መስጊድ የሚሄድ አለ። በጾም ቀን የሰጠኋትን ብስኩት ለእናቷ የምትወስድ አለች። አባቱ አሣ የሚያጠምድ፣ አያቱ ያሳደገችው፣ መስማት የተሳናት እህት ያለችው። ሁሉም ከአንድ ሰፈር።

ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። እዚያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ የተባሉት ሰዎች ጣናን በደንብ ያውቁታል። ውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ታንኳውን ግድግዳችን ላይ እንሰቅላለን፣ ፖስት ካርድ ላይ እናትማለን። የሠሪውን ልጅ ግን ለረዥም ዘመን አብሮን ማዕድ እንዲቀርብ አልፈለግንም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን ምን ብለን እንጠራ እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። ታውቁታላችሁ። ልጆቻችንም ከእኛ ይሰማሉ። ፈረንጅ አላመጣብንም።

ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 በጻፉት ጽሑፍ መጽሐፍን በመስታወትና በመስኮት መስለውታል። መስታወት ልጁ ራሱን የሚያይበት ነው። መስኮት ሌላውን የሚያይበት። ለእኛ ልጆች ለብዙ ጊዜ የመጣው መስኮት ብቻ ነው፦ በረዶ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት፣ ኤ ማለት አፕል። ማንጎ ሥር ተቀምጠን አፕል እንቆጥራለን። ግን መስታወት ብቻም አይሆንም። ሁሉም ባለ ታሪክ አማርኛ ተናጋሪ፣ ከተሜ፣ እናትና አባቱ አብረው የሚኖሩ ከሆነ፣ የእንጅባራዋ ልጅና አያቱ ያሳደገችው ልጅ የት ገቡ?

«ተረት አለን። አንበሳና ጦጣ ይበቃሉ»

ይህ የእኔ የቀድሞ መልስ ነበር፣ ስለዚህ በጥንቃቄ ልናገር። ተረት እወዳለሁ። «ተረት ተረት» ስል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ሲመልሱ ፀጉሬ ይቆማል። ጅቡን ካላወራሁ ይቆጡኛል። ይቀጥላል።

ነገር ግን እንስሳ ሰውን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚናገር ታሪክ አነበቡ። ለገሚሶቹ ባለ ታሪኮቹ ሰዎች ናቸው። ለገሚሶቹ ልብስ የለበሱ እንስሳት። ታሪኩ ያው ነው። ከዚያ ልጆቹ ያላቸውን ስቲከር ለሌላ ልጅ እንዲያካፍሉ ተጠየቁ። የሰዎቹን ታሪክ የሰሙት ከበፊቱ አብልጠው ሰጡ። የእንስሳቱን የሰሙት አልጨመሩም። ትንሽ ልጅ ከጦጣዋ ወደ ራሱ መሻገር ይከብደዋል ማለት ነው። ጦጣዋ ጦጣ ናታ!

ሌላው ነገር ቁጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የልጆች መጻሕፍት ማዕከል በየዓመቱ በመጻሕፍት ውስጥ ያሉትን ባለ ታሪኮች ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግማሾቹ ነጮች ነበሩ። 27 በመቶው እንስሳትና መሰል ነገሮች። ጥቁር ባለ ታሪክ 10 በመቶ ብቻ። ጥቁር ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ከሚያገኝ ጥንቸል ቢያገኝ ይቀለዋል። እዚህ በእርዳታና በሻንጣ የሚመጣልን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብዙው ከዚያው ገበያ ነው።

«ስለ ተለየ ልጅ ከሆነ ቁም ነገር ማስተማር አለበት»

ዓይነ ስውር ልጅ ካለ መጽሐፉ ስለ ዓይነ ስውርነት ነው። የገጠር ልጅ ካለ ስለ ውሃ እጦት ነው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ያዝንለታል። ልጆቹ ደግሞ ይሰለቻሉ። እውነቴን ነው፣ መሃል ላይ ተነስተው ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ «ዘ ስኖዊ ዴይ» የተባለ የኤዝራ ጃክ ኪትስ መጽሐፍ ወጣ። ጴጥሮስ እንደማለት፣ ፒተር የሚባል ጥቁር ልጅ በረዶ ሲዘንብ ወጥቶ ይጫወታል። ዱካውን ያያል። የበረዶ ድቡልቡል ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ በኋላ ሲፈልገው የለም። አለቀ። ስለ ቆዳው ቀለም ጽሑፉ አንዲት ቃል አይናገርም። በማግስቱ ዓመት የአገሩን ትልቁን የሥዕላዊ መጽሐፍ ሽልማት አገኘ። የእኔ ልጆች በረዶ አይተው አያውቁም። ኪስ ውስጥ የጠፋው በረዶ ግን አስጨንቋቸው ነበር። አንዱ ኪሱን ገልብጦ አየ።

ስለዚህ የምፈልገው የአሣ አጥማጅ ልጅ ጥርሷ ሲነቃነቅባት ነው። ሒጃብ የለበሰች እናት ቁልፍ ሲጠፋባት። ችግርም ይኑር፣ ግን ችግር ብቻ አይሁኑ።

«ይሄ የሴት ልጅ መጽሐፍ ነው»

የሚለው ወላጅ ነው፣ ልጁ አይደለም። ወንዶቹ ልጆች የጀግናዋን መጽሐፍ ሲጣሉበት አይቻለሁ።

«መጽሐፉ የት አለና? ያለውም እንግሊዝኛ ነው»

ባሕር ዳር ውስጥ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም፣ ዋጋውም ቀልድ አይደለም። እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በነጻ የሚገኝ አለ። ከደቡብ አፍሪካ የተነሳው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና ከሕንድ የተነሳው «ስቶሪዊቨር» በድረ ገጻቸው ላይ ሥዕላዊ ታሪኮችን በብዙ ቋንቋ ያስቀምጣሉ። አማርኛም አለ። ስልክ ላይ አውርዳችሁ ማንበብ፣ ማተም፣ ራሳችሁ መተርጎምም ትችላላችሁ። ፈቃዱ ይፈቅዳል። የአንዳንዱ ትርጉም አፍ ይዞ ይቀራል። እኔ እንደ ተጻፈው አላነብም፣ እንደምናወራው አድርጌ ነው የማነበው። የኬንያና የሕንድ ልጆች አሉበት። ሕንዳዊቷ ልጅ ጠፍጣፋ ቂጣ ስትበላ «እንጀራ ነው! አይደለም!» ተባብለው ሊጣሉ ደርሰዋል።

ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛውን እንግሊዝኛ አድርጎ ማንበብ ግዴታ አይደለም። ሥዕሉን እያዩ በአማርኛ ማውራት ነው። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» «አንተ ብትሆን?» ብሎ መጠየቅ። የእንጅባራዋ እናት በራሷ ቋንቋ አንድ ገጽ እንድትነግረን ጠይቄያት ነበር። መጀመሪያ አፈረች። ልጇ ግን ያን ቀን ከጎኔ አልተነሳችም።

«የእኛ ሰው የሳለው ከሆነ ስህተት የለበትም»

ይህን ያረመኝ ሰው ሐይቁ ዳር ነው የሚኖረው።

መጽሐፍ ሲያጥረን ራሳችን እንሥራ አልን። ወረቀት አጥፈን፣ በመርፌ ሰፍተን፣ ልጆቹ ስለው እኔ ጻፍኩ። ርዕሱ ስለ አንድ ታንኳ ሠሪ ነው። እኔም ኮራሁ። የአገር ልጅ፣ የአገር ሥዕል። ከዚያ ታንኳ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ወስደን አሳየናቸው።

አንድ በአንድ ገለጡት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳቁ።

«ይሄ ታንኳ ነው ገንዳ?»

የሳልነው ልሙጥ የጣውላ ጀልባ ነበር። ደንገሉ በእስር በእስር ታስሮ እንደሚገጣጠም ከእኛ አንዱም ልብ አላለም። በየሳምንቱ እናየዋለን እኮ። ቀጥለው ሰውዬውን አዩት። ባዶ እግሩን፣ የተቀደደ ቁምጣ አልብሰነው፣ ብቻውን ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። «ስልኬስ?»

በእርግጥም ስልካቸው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነበር። እያወራን ሁለቴ ጠራ።

ልጆቹ ሽማግሌው ጋ ቁጭ ብለው እስሩን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ገጽ እንደገና እንስለዋለን። ስልኩ እጃቸው ላይ ይሁን ኪሳቸው ውስጥ ገና አልተስማማንም።