«አንድ ስኒ፣ ሁለት ፍሬ» ሃያ ቅርጫት ታዝዞ አይባልም

ዕቃ ለማስጫን ወደ ደቡብ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ከአገሬው የለቀሟት አንዲት አባባል አለች፤ «ያት ጁንግ ሌውንግ ጊን»። አንድ ባለክዳን ስኒ ሻይ፣ ሁለት ፍሬ ምግብ ማለት ነው። በቅርቡ ዲም ሳም የሚሉትን፣ ከሻይ ጋር የሚበላ ትንንሽ ምግብ የሚያቀርብ አንድ ባለብዙ ፎቅ ቤት አብረን ገብተን፣ ክቡ ጠረጴዛ ሞልቶ የቀርከሃው ቅርጫት በቅርጫት ላይ ሲደራረብ፣ አንዱ ወዳጄ «ብሉ እንጂ!» ለማለት ይቺኑ አባባል ጮክ ብሎ አላት። ከጎናችን ጋዜጣ የያዙ ሽማግሌ ጠረጴዛችንን ቃኘት አድርገው ፈገግ አሉ። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

አባባሏ የድሃ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጓንዡ ውስጥ «የሁለት ሊ ቤት» የሚባሉ ሻይ ቤቶች ነበሩ፤ ሊ በዘመኑ ትንሽ የገንዘብ መለኪያ ነው፤ የሻዩም ዋጋ ሁለት ሊ። በራፉ ላይ «የሻይ ወግ» የሚል እንጨት ይንጠለጠላል፤ ውስጡ ጥቂት ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር ብቻ። ደንበኛው ኩሊው፣ ቀዛፊው፣ የጉልበት ሠራተኛው ነው። ምግቡም ዛሬ ሽሪምፑ በስሱ ሊጥ ውስጥ ቀላ ብሎ የሚታይበት ሃር ጋው አይደለም፤ እሱ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የዚያን ጊዜው ደልደል ያለ የሩዝና የጎደሬ ኬክ፣ በእንፋሎት የበሰለ ትልልቅ ዳቦ ነበር። ሁለቱን የበላ ሰው ሸክሙን ይችላል።

የሻዩ አጠጣጥ ደግሞ ለብቻው ጥበብ ነው። ቅጠሉ እዚያው ስኒው ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑን ገፋ አድርጎ በጠባቧ ክፍተት ፉት ይላሉ፤ ቅጠሉ በክዳኑ ይታገዳል። ውሃው ሲያልቅ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ መተው ነው፤ አስተናጋጁ ሳይጠራ ፍል ውሃ ይጨምራል። በአንድ ጭብጥ ቅጠል ረጅም ጨዋታ ይያዛል።

ለምን ሁለት ሆነ? ኪስም ሆድም የሚችለው እሱን ነው ይላሉ። እኔ የራሴ ግምት አለኝ፤ ማስረጃ አትጠይቁኝ። የደቡብ ቻይና ተሸካሚ ቀርከሃ በትከሻው አጋድሞ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት ያንጠለጥላል። ልጅ ሳለሁ አያቴ አህያ ሲጭኑ አንዱ ጎን ከቀለለ ድንጋይ ጨምረው ያስተካክሉ ነበር። ቀርከሃውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ጫፍ ከከበደ ሰውየው አይራመድም። ቀኑን ሙሉ ጥንድ ሲሸከም የኖረ ሰው ቁርሱንም ጥንድ ቢያደርግ ምን ይገርማል? አንድ ፍሬ ለአንዱ ቅርጫት፣ አንዱ ለሌላው።

ዛሬ አንዱ ቅርጫት ራሱ ሦስትና አራት ፍሬ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሁለት ቅርጫት አዝዞ አባባሉን የሚጠቅሰውን አልነቅፍም። ሃያ አዝዞ ሲሆን ግን ቀልድ ነው የሚመስለው። ቤተ ዘመድ ሰብስቦ መብላት ካማራችሁ «ያም ቻ» (ሻይ እንጠጣ እንደማለት ነው) በሉ፤ ቻይኖቹም እንደዚያው ይላሉ። ጨምር ለማለት ከሆነ ደግሞ «አንድ ያጣላል» የምትል የራሳችን አለችን። ደግሞስ ሻይ ሲቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ማመስገኑን ሳትማሩ፣ አባባል ለመጥቀስ ምን አስቸኮላችሁ?