ጥገኛ ተርብ ምንድን ነው? ስኬል በተባለው ተባይ ላይስ ለምን በወቅት ይበዛል?

ተርብ ሲባል የሚናደፈው ትዝ ይላል። እዚህ የምናወራለት ጥገኛ ተርብ ግን ቁመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው አይነካም። እንቁላሉን ሌላ ተባይ ላይ ወይም ውስጥ ይጥላል፤ የሚፈለፈለው እጭም ያንኑ ተባይ እየበላ ያድጋል። መዥገር ደም መጥጦ ይወርዳል፤ የዚህ ተርብ እጭ ግን ያረፈበትን ተባይ ሳይገድል አይጎለምስም።

ስኬል ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ፍሬ ላይ እንደ ቅርፊት ተጣብቆ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ተባይ ነው። ብርቱካንና ሎሚን የሚያጠቃው ቀይ ስኬል ዋና ጠላቱ አፊቲስ ሜሊነስ የተባለ ቢጫ ተርብ ነው። ሴቷ ሽፋኑን በስታ እንቁላሏን ከሥሩ፣ በስኬሉ ገላ ላይ ታስቀምጣለች። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ተርብ ይወጣል፤ ስኬሉ አንድ ትውልድ ሲጨርስ ተርቡ ሁለት ወይም ሦስት ይደርሳል። ሴቷ እንቁላል ሳትጥልም አንዳንዱን ስኬል ወግታ ፈሳሹን ትጠጣለች፤ ያም ይሞታል።

ታዲያ እንዲህ ፈጣን ከሆነ ለምን ዓመቱን ሙሉ አይበዛም? ስለሚመርጥ ነው። ገና የተፈለፈለው ተንቀሳቃሽ ስኬል አይሆነውም። ቆዳውን በሚቀይርበት ጊዜና ሴቷ ስኬል ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ደግሞ ገላው ከሽፋኑ ጋር ስለሚጣበቅ ተርቡ አይደርስበትም። ምርጡ ሦስተኛ የእድገት ደረጃ ላይ ያለች፣ ከወንድ ጋር ያልተገናኘች ሴት ስኬል ናት። ከትንንሾቹ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ወንድ ተርብ ስለሆነ የሚቀጥለው ትውልድ ይሳሳል። ስለዚህ ማሳው በስኬል ተሞልቶም ተርቡ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ የሚከተለው ብዛቱን ሳይሆን ዕድሜውን ነው። ብርድ የስኬሉን እድገት ያዘገየዋል፣ ተርቡንም ይገድላል፤ ደረቅና ኃይለኛ ሙቀትም እንዲሁ። በምሥራቅ ስፔን የብርቱካን እርሻዎች ቀዝቀዝ ባለው ጊዜ ዘመዱ አፊቲስ ክሪሶምፋሊ ጎልቶ ይታያል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሜሊነስ ይተካዋል።

ተርቡ ምን ያህል ስኬል እንዳጠቃ ሲቆጠር ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሽፋኑን በመርፌ ገልብጦ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል፦ የተርብ እንቁላል፣ እጭ፣ ወይም ጥቋቁር የኩስ ቅንጣቶች አጠገቡ ያሉ ፑፓ (እጩ ወደ ተርብ የሚለወጥበት ደረጃ)። ሽፋኑ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ተርቡ ወጥቷል። ከ200 ስኬሎች 30 ቢጠቁ 15 በመቶ ይመስላል፤ ለተርቡ የሚመቹት 60 ብቻ ከነበሩ ግን 50 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሳያስፈልግ መርጨት ይጀምራል።

መርጨቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ፓይረትሮይድና ኦርጋኖፎስፌት የተባሉ ፀረ ተባዮች ቅሪት ቅጠል ላይ ቆይቶ ተርቡን ይፈጃል፤ ስኬሉ በሽፋኑ ተጠልሎ ይተርፋል። የማዕድን ዘይት ቅሪቱ ቶሎ ስለሚያልፍ የተሻለ ነው። ከመንገድ የሚነሳ አቧራም ተርቡን ከሥራው ያስተጓጉለዋል።

ከሁሉም የሚናቀው ጉንዳን ነው። ለስላሳ የሚባሉ ሌሎች ስኬሎች የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሲል ተርቦችን ያባርራል፤ በዚያው ዛፍ ያለው ቀይ ስኬል ጣፋጩን ባያወጣም ከጥበቃው ይጠቀማል። መፍትሔው ግንዱ ላይ መጠቅለያ አስሮ የሚያጣብቅ ቅባት መቀባት ነው። ቅባቱ ቅርፊቱን ሊጎዳ ስለሚችል በቀጥታ ግንዱ ላይ አይቀባም። መሬት የሚነኩ ቅርንጫፎችም መቆረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ጉንዳኑ በእነሱ በኩል ይወጣል።