ሩባቶ ምንድን ነው? የድሮ ፒያኒስቶች ሁለት እጆች ለምን አብረው አይወርዱም?

ፒያኒስቱ ራውል ኮቻልስኪ የሾፓንን ኖክተርን (የሌሊት መንፈስ ያለው ለስላሳ የፒያኖ ድርሰት፤ ኦፐስ 9፣ ቁጥር 2) የተጫወተበትን ሸክላ የሚሰማ የዛሬ ተማሪ መጀመሪያ የሚታዘበው እጆቹ አለመገናኘታቸውን ነው። ግራ እጅ የሚመታው ዝቅተኛ ድምፅ (ባሱ) ቀድሞ ይወርዳል፤ ዜማው ለቅጽበት ዘግይቶ ይደርሳል። ዛሬ ፈተና ላይ ቢሆን ነጥብ ያስቀንሳል። ነገር ግን ኮቻልስኪን ያስተማረው ካሮል ሚኩሊ ነው፤ ሚኩሊ ደግሞ የሾፓን ተማሪና ረዳት ነበር። «አይችልም» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

አሁን ሩባቶ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሁለቱም እጆች አብረው የሚዘገዩበትንና አብረው የሚፈጥኑበትን አጨዋወት ነው። የቀደመው ሩባቶ ግን ሌላ ነው። ግራ እጅ ምቱን ሳይለቅ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ ዜማውን አንዴ ያዘገያል፣ አንዴ ያስቀድማል፣ ጥቂት ቆይቶም ከባሱ ጋር ይገናኛል። ሞዛርት በጥቅምት 1777 (እ.ኤ.አ.) ከአውግስበርግ ለአባቱ ሲጽፍ፣ በአዳጆ (በዝግታ በሚሄድ ክፍል) ውስጥ ሩባቶ ሲጫወት ግራ እጁ ነገሩን እንዳልሰማ ሆኖ መቀጠሉ ሰዎችን እንዳስገረመ ይነግረዋል። ሾፓንም ግራ እጅን የኦርኬስትራ መሪ ይለው እንደነበር ተማሪዎቹ ተናግረዋል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማወቅ ይቻላል። ታዲያ የድሮ ቅጂ ለምን ያስፈልጋል? መጽሐፍ የሚለውና ጣት የሚሠራው ስለሚለያይ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በቪየና ያስተምር የነበረው ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ ነው። ረዳቱ ማልቪን ብሬ የእሱን ዘዴ ለማስረዳት በ1902 ባሳተመችው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ የዜማው ኖታ ከባሱ ትንሽ ዘግይቶ ሊመታ እንደሚችል ትገልጻለች፤ ሆኖም ይህ በሐረግ መጀመሪያና ክብደት ባላቸው ኖታዎች ላይ ብቻ እንዲሆን ታሳስባለች። ሌሼቲትስኪ ራሱ በ1906 ለቬልተ ሚኞን አውቶማቲክ ፒያኖ በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ የቀረጸውን የሾፓን ኖክተርን (ኦፐስ 27፣ ቁጥር 2) ስንሰማ ግን እጆቹ የሚለያዩት ከዚያ እጅግ በበዛ ቦታ ነው። እሱ «ጥቂት» የሚለው ለእኛ ጆሮ ብዙ ነው። ይህን ልክ ቅጂው ባይኖር ከየት እናገኘው ነበር?

ሞክሩት። በዚያው በኦፐስ 9 ኖክተርን መግቢያ ቀኝ እጅ ከቢ ፍላት ተነሥቶ ወደ ላይኛዋ ጂ ይዘላል፤ ከጂ ሥር የግራ እጅ ኢ ፍላት አለች። መጀመሪያ ግራ እጅን ብቻ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) አለማምዱ። ከዚያ ኢ ፍላት በሰዓቷ ትውረድ፣ ጂ ደግሞ ለጥቂት ትዘግይ። ዜማው ሳይጮኽ ጎልቶ ይሰማል፤ ምክንያቱም ባሱ ቀድሞ ስለተመታ ጂ ለብቻዋ ትገባለች። የዛሬ ተማሪ ዜማ ለማጉላት መጀመሪያ የሚያውቀው ዘዴ ኃይል መጨመር ነው፤ እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ መሣሪያ ነበራቸው።

ቅጂዎቹን እንዳሉ ማመን ግን ሞኝነት ነው። የወረቀት ጥቅል የሚያጫውተው መሣሪያ በትክክል ካልተስተካከለ ፍጥነቱም የድምፁ ኃይልም ይዛባል። ሸክላውም አንዱ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም የማያልፍ በመሆኑ አንዳንዱን ተጫዋች ያጣድፈው ነበር። ስለዚህ አንድ ቅጂ ሰምቶ «በዚያ ዘመን ፈጥነው ይጫወቱ ነበር» ከማለት የብዙ ተጫዋቾችን ቅጂ ማነጻጸር ይሻላል። የእጆች መለያየት በሸክላውም በጥቅሉም፣ በተለያየ አገር ባደጉ ፒያኒስቶች ዘንድ ስለሚሰማ የማሽን ጥፋት ነው ማለት ያስቸግራል።

አንዱን ፒያኒስት ሰከንድ በሰከንድ መቅዳት ግን ለእኔ ከንቱ ድካም ነው። መወሰድ ያለበት ፈቃዱ ነው፤ ኖታው ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ የተጻፉ ድምፆች የግድ አብረው መመታት የለባቸውም። በሾፓን ይህን የሚሞክሩ ዛሬም አሉ። ከባዱ ሞዛርት ነው። በ1824 የተወለደው ካርል ራይነከ በ1905 ለቬልተ የቀረጸው የሞዛርት ላርጌቶ (ዝግ ያለ ክፍል) ኮርዶቹ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ እየተበተኑ፣ እጆቹ እየተቀዳደሙ የሚሄድ ነው፤ ዛሬ «ንጹሕ» ከሚባለው የሞዛርት አጨዋወት እጅግ ይርቃል፤ በዚያ መንገድ መድረክ ላይ ለመጫወት የሚደፍርም ጥቂት ነው።