ጃንሆይ የኖሩበት ሙዚየም

ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ማዶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር አለ። በሩን አልፎ በዛፎቹ መሐል ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው አንድ ባለ ፎቅ ቤት ያገኛል። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ራስ መኮንን አዳራሽ ይለዋል። በውስጡ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው፤ በብዙ ሰው አፍ «ኢትኖሎጂካል ሙዚየም»።

ከአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም ጋር የሚያምታቱት አሉ። ድንቅነሽን ፍለጋ እዚህ ድረስ የሚወጣ አይጠፋም። የስድስት ኪሎው ሙዚየም ግን የሰውን አመጣጥ አይተርክም። የሚያሳየው ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደሚወለዱ፣ እንደሚያድጉ፣ እንደሚጸልዩ፣ እንደሚዋጉና እንደሚቀበሩ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሳየው ደግሞ በንጉሠ ነገሥት መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ገበሬው፣ አርብቶ አደሩና ሸማኔው ከነዕቃቸው የጃንሆይን ክፍሎች ተከራይተው የገቡ ይመስላሉ። ለእኔ የሙዚየሙ ጣዕም እዚህ ላይ ነው።

ቤቱን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት በ1920ዎቹ አጋማሽ ነበር። ብዙም ሳይኖሩበት ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን ምክትል ንጉሥ ተብሎ የተሾመው ማርሻል ግራዚያኒ እዚሁ ተቀመጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን ልዑል ወንድ ልጅ ወለደ ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡ በግቢው ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት ያኔ ነው። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ለ3 ቀን በከተማው የወረደውን መዓት ሁሉም ያውቀዋል። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ትላለች። አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የቆመው ለእነሱ ነው።

ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ ላይ ወጥቶ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ ያለፈ አንድ የፋሺስት ዓመት ነው ይባላል። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም።

ቤቱ ሌላም ደም አይቷል። በታህሳስ 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። መሳፍንቱንና ሚኒስትሮቹን እዚህ ቤት አግተው ያዙ። ነገሩ ሲከሽፍ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በጥይት ፈጇቸው። 15 ያህል ሰዎች ሞቱ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መሐል ነበሩ። ንጉሡ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። ጃንሆይም ኑሯቸው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሆነ።

በቤተ መንግሥት ምትክ የገባው ተማሪ ግን ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ አልሆነም። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር እነዚህን ዛፎች ያውቃቸዋል። በታህሳስ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው እዚሁ አቅራቢያ በጥይት ተመትቶ ሲሞት ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ግቢው አመጡት። ወታደሮች ገብተው ተኮሱ። እንግዲህ የዚህን ሁሉ ታሪክ ሥፍራ ነው ጎብኚው ትኬት ቆርጦ የሚገባበት።

ወደ ውስጥ እንግባ። ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ ዕቃቸውን በብሔረሰብ ወይም በክልል ይደረድራሉ። አንዱ ክፍል ለአማራ፣ አንዱ ለኦሮሞ፣ አንዱ ለትግሬ፣ አንዱ ለሲዳማ ይሆናል። እዚህ ግን አደረጃጀቱ በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ አዋቂነት፣ መጨረሻ ላይ ሞትና ከሞት በኋላ። በዚህ ምክንያት የደቡቡ የሰሜኑ ጎረቤት ይሆናል። የምሥራቁ አርብቶ አደር ከደጋው ገበሬ ጎን ይቆማል። የሚያገናኛቸው ልጅ መውለዳቸው ወይም ሰው መቅበራቸው ነው። በሀገራችን የዛሬ ወሬ ይህ አደራደር ቀላል ነገር አይደለም። ማንም ጎብኚ «የእኛ ክፍል የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ሁሉም» ይሆናል።

የልጅነቱ ክፍል ስለ ልደት፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ተረትና ልጅ ወደ ጉልምስና ስለሚሻገርበት ሥርዓት ያወራል። አዋቂነት ሰፊው ነው። እምነት፣ እርሻ፣ ከብት አርቢነት፣ አደን፣ ጦርነት፣ የባህል ሕክምና፣ ጌጣጌጥና የእጅ ሥራ በዚህ ሥር ይመጣሉ። እዚህ ጋ ቸኩሎ ማለፍ ይቀናል፤ ምክንያቱም ብዙው ዕቃ አያት ቤት ያየነው ዓይነት ነው። ግን ቆም ማለት ይሻላል። አያት ቤት ያየነው የአንድ ሀገር ዕቃ ነው። ሌላው ሕዝብ ለዚያው ሥራ ምን እንደሠራ ስናይ ነው የሚገርመን።

ሞትና ከሞት በኋላ የሚለው ክፍል ውስጥ የኮንሶዎቹን ዋካዎች ፈልጉ። በጀግና መቃብር ላይ የሚቆሙ የእንጨት ምስሎች ናቸው። ጀግናው መሐል ይሆናል፤ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ዙሪያውን ይቆማሉ። አንድ መቃብር የአንድ ሰው ሙሉ ታሪክ ነው ማለት ነው። ችግሩ፣ ዋካ ከመቃብር እየተነቀለ ለባዕድ ይሸጥ ነበር። የተረፉትን ለማዳን ኮንሶ ራሷ ሙዚየም አቋቁማለች። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከዕድሜ ቅደም ተከተል ውጭ የሆነው ክፍል የራሳቸው የጃንሆይ ነው። መኝታ ቤታቸው ከነአልጋው ተጠብቆ አለ። መታጠቢያ ቤቱም እንዲሁ። መስታወቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ የ1953ቱ የታህሳስ ግርግር ጥይት ናት ይባላል። ልጆች ይዞ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ስንት ቅርስ አይተው ማታ ቤት ሲገቡ የሚያወሩት ስለ ንጉሡ ገንዳ ነው። ምን ይደረጋል!

ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ሥዕሎቹና መስቀሎቹ አሉ። ጊዜ ያጠረው ሰው ሌላውን ይተውና እዚህ ይውጣ ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ ስዕለ አድኅኖ (የቅዱሳን ሥዕል) ስብስቡ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነው። ሥዕሎቹ በእንጨት ገበታ ላይ የተሳሉ ናቸው፤ ብዙዎቹ ክንፋቸው ተከፍቶ የሚዘጋ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እመቤታችን በዓመት 33 በዓላት እንዲከበሩላት ሲያዝዙ የማርያም ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ተፈላጊ ሆነ። በእሳቸው ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ የብዙ ተከታዮች አባት ነው። ስሙን የምናውቀው በሥዕል ላይ ስለጻፈው ነው፤ አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ስማቸውን አይጽፉም።

ኋላ ላይ የማርያም አቀማመጥ ይለወጣል። ቀኝ እጇን በግራዋ ላይ አቋርጣ፣ መሐረብ ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ የምትታየው ሮም ባለው የሳንታ ማርያ ማጆሬ ሥዕል አምሳል ነው። ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮኖች ያመጡት ነው። ሚስዮኖቹ ተባረሩ፣ ሥዕሏ ግን ቀረች፤ ፊቷም እያደር ሐበሻ ሆነ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በቀደመው የሀገራችን ሥዕል ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉ ሰው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይህን ያወቀ ሰው ማንም ሳያስረዳው ግማሹን ሥዕል ያነበዋል።

ክታቦቹንም አትለፏቸው። ረጅም የብራና ጥቅል ናቸው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል፤ የክርስትና ስሙም ጸሎቱ ውስጥ ይጻፋል። ከሰውነቱ እኩል የሆነ መከላከያ ማለት ነው። የዜማ ዕቃዎቹ ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት እያለ ይቀጥላል፤ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ መሣሪያ መስማት እንጂ ማየት ብዙም አያጠግብም።

ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ሙዚየሙን የሠሩት ሰዎች ይመጣሉ። አጀማመሩ ከተቋሙ ይቀድማል። አራት ኪሎ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆኖ ሠራ። በእሱ አበረታችነት ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። ክረምት ወደየሀገራቸው ሲሄዱ ወግና ልማድ እየጻፉ ያመጡ ነበር። ማኅበሩ መጽሔትም ነበረው። ሥራው ደመወዝ የለው፣ የትምህርት ማርክ የለው። የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች የምላቸው እነሱን ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ። ሆይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ይዞ ቀጠለ። የፓንክረስት እናት ሲልቪያ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የተሟገተችው ናት። ልጅየው ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስ ከታገሉት ግንባር ቀደም ነበሩ፤ ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ። እናትም ልጅም መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ተቀብረዋል።

ሌላው የሙዚየሙ ጀርባ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ነው። ኢትዮጵያውያንና እዚህ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ያሉበት የፈቃደኞች ማኅበር ነው። ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ንግግርና ጉብኝት ያዘጋጃሉ። ዋናው ሥራቸው ግን መግዛት ነው። አሮጌ ሥዕል ወይም መስቀል ገበያ ላይ ሲወጣ ቱሪስት ሳይቀድማቸው ይገዙና ለሙዚየሙ ይሰጣሉ። ቸርችል ጎዳናንና የመርካቶን ዕቃ ሻጮች የሚያውቅ ሰው ሥራው ምን ያህል ሩጫ እንደሆነ ይገባዋል።

ይህ አሠራር ሁሉንም አያስደስትም። ገዢ ካለ ሌባ ይበረታል የሚሉ አሉ። ሥዕል የተሰረቀበት ደብር ሥዕሉን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ቢያየው ምን ይላል? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ገበያ ላይ የተገዛ ዕቃ ከየት እንደመጣ ሻጩ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ ሥዕሉ ይድናል፣ ታሪኩ ግን ይጠፋል። በኔ ግምት ግን ውጭ ሀገር ከሚሄድ ስድስት ኪሎ መቅረቱ ይሻላል። ቢያንስ አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ «የኛ ነው» ማለት ይችላል። ሕጉም ከዚህ ጎን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ይከለክላል።

ስለ ጉብኝቱ ጥቂት ልበል። ግቢው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ለኢትዮጵያዊ የመግቢያው ዋጋ ለውጭ ዜጋ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው። ሁለት ሰዓት ያዙለት። ብትችሉ ጠዋት ሂዱ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ጉብኝት ካለ ደረጃው ይጨናነቃል። አስጎብኚ ካገኛችሁ አብራችሁ ዙሩ። የዕቃዎቹ መግለጫ አጭር ነው፤ ጨዋታው ያለው ሰውየው አፍ ላይ ነው። «ይሄ የኛ ሀገር ዕቃ ነው፣ እኛ እንዲህ እንለዋለን» ብላችሁ ጣልቃ ብትገቡም የሚቆጣ የለም። እንደዚያ ዓይነት ጎብኚ ደስ ይላቸዋል።

ቤታችሁ አሮጌ ዕቃ ተቀምጦ እንደሆነና ለሙዚየም ልስጥ ካላችሁ መጀመሪያ ታሪኩን ጻፉ። ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ ማን ተጠቀመበት፣ በቤቱ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር። አንድ ገጽ ይበቃል። አያቶች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ በስልክ ድምፃቸውን ቅዱት። ዕቃውን ከመስጠታችሁ በፊት ጠርጋችሁና አብለጭልጫችሁ አታምጡት። ጥቀርሻውና ቅባቱ ለባለሙያ ማስረጃ ነው፤ በምን እንጨት ጭስ እንደጠቆረ፣ ምን እንደተቀመጠበት የሚታወቀው ከእሱ ነው።